ክሱ ወይስ ተከሳሹ? የልጅ ኢያሱ ጉዳይ በመዝገበ ዕውቀት ሚዛን

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሰበሰቡ መኳንንትና የሃይማኖት አባቶች አንድ የክስ ጽሑፍ ሲነበብ አደመጡ። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበር። ጽሑፉ የዳግማዊ ምኒልክን የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ፣ ልጅ ኢያሱን፣ “ሰልመዋል” ሲል ከሰሰ። በዚያው ዕለት ልጅ ኢያሱ መሻራቸው ታወጀ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ደግሞ በራስ ማዕረግ አልጋ ወራሽ ተባሉ።

ተከሳሹ በስፍራው አልነበሩም። የክሱ ቃል በተነበበበት ሰዓት ሐረር ነበሩ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ከሳሾቹም፣ ተከሳሹም፣ ምስክሮቹም የሉም። ክሱ ግን አለ። ስለዘመኑ በተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ይነሳል፤ አንዱ “ቅሌት” ይለዋል፣ ሌላው “ሴራ”፣ ሦስተኛው “አሉባልታ”። የታሪክ ድርሳን ጸሐፊ ሁሉንም ዘርዝሮ የራሱን አስተያየት ሊያክል ይችላል። የመዝገበ ዕውቀት አዘጋጅ ግን ከዚያ የጠበበ በር ይጠብቀዋል። ጉዳዩ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ መወሰን አለበት። ይገባዋል ካለም በምን ስም? ስሙ ራሱ ፍርድ ሊሆን ይችላልና።

ኢንሳይክሎፒዲያ የሚነበበው እንደ ክርክር ሳይሆን እንደ መልስ ነው። ተማሪ ለቤት ሥራው፣ ጋዜጠኛ ለዜናው ይቀዳበታል። በዚያ የሰፈረ ርዕስ ከሥሩ ያለው ማብራሪያ ሳይነበብ እንኳ እንደ እውነት ይያዛል። “የልጅ ኢያሱ መስለም” ተብሎ የተሰየመ መጣጥፍ በውስጡ “አልተረጋገጠም” ቢልም ርዕሱ ግን አረጋግጦ ጨርሷል። ርዕሱን ጨርሶ መተውም ከፍርድ ነጻ አያደርግም፤ አንድን መንግሥት የለወጠ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለሞት ያበቃ ክስ እንዳልነበረ ይሆናልና።

የአልጋ ወራሹ መንገድ

ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው በይፋ የተነገረው በ1901 ዓ.ም ነው። አያታቸው ዳግማዊ ምኒልክ ያን ጊዜ በጽኑ ታመው ነበር፤ ሕዝቡም ለወራሹ እንዲታመን በመሐላና በእርግማን ታስሯል። ሞግዚታቸውና እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም ሲያርፉ ወጣቱ መስፍን በራሳቸው መንገድ መጓዝ ጀመሩ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ። ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ አልጫኑም፤ እስከ መጨረሻው “ልጅ” እና “አቤቶ” ተብለው ቀሩ።

እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ የምኒልክ ልጅ ነበሩ። የአባታቸው የራስ ሚካኤል ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ራስ ሚካኤል ቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ ከወሎ የሙስሊም ገዥ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ትእዛዝ ተከትለው ክርስትና ተነሱ፤ ክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ቆም ቢል አያስገርምም። የአባት ሃይማኖት መቀየር በመዛግብት ውስጥ የሚገኘው “የቦሩ ሜዳ ጉባኤ” በሚለው የክብር ስም ሥር ነው። የልጁ ሃይማኖት መቀየር፣ ያውም ያልተረጋገጠው፣ “ቅሌት” ሆኖ ተመዘገበ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የድርጊቱ ሳይሆን የአቅጣጫው ነው። “ቅሌት” የሚለው ቃል ገለልተኛ የሚመስለው ክሱን ከተጻፈበት ወገን ቆሞ ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው። በወሎ፣ በሐረር ወይም በጅማ ላለ ሙስሊም አንባቢ የቃሉ ትርጉም ሌላ ነው፤ የእርሱ እምነት በአገሩ ታሪክ ውስጥ የነውር ስም ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው።

በክሱ ከተነሱት ነጥቦች አብዛኞቹ ይታወቃሉ። ከሙስሊም ባላባቶች ልጆች ጋር መጋባታቸው፣ በሐረርና በአካባቢዋ ከሙስሊሞች ጋር አብረው መብላታቸውና ጫት መቃማቸው፣ በሙስሊም አለባበስ መታየታቸው፣ መስጊድ ማሠራታቸው፣ የዘር ሐረጋቸውን ከነቢዩ መሐመድ ጋር አያይዘዋል መባሉ ይገኙበታል። ለኦቶማን ቆንስሉ ለማዝሃር ቤይ ጨረቃ ያለበት የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሰጥተዋል የሚለው ወሬም ነበር።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዳንዶቹ እውነት ናቸው። ጋብቻው አልተካደም፤ ወዳጅነቱም እንዲሁ። ነገር ግን ከሳሾቹ የእስልምናን መመዘኛ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ መልሱ ያሳዝናቸው ነበር። በእስልምና ሕግ ሰው ሙስሊም የሚሆነው አምኖና አውቆ በሚናገረው የምስክርነት ቃል ነው። የለበሰው ሽርጥና ጥምጥም፣ የቃመው ጫት፣ የተጋራው ማዕድ ሙስሊም አያደርገውም። ዘሩን ከነቢዩ ቤት መቁጠሩም አያደርገውም። ልጅ ኢያሱ ያን ቃል በአደባባይ ስለመናገራቸው ደግሞ አንድም ይፋ መግለጫ የለም። የክሱ ማስረጃ በከሳሾቹ ዓይን ጠንካራ የነበረው ሙስሊሞችን መቅረብ ራሱ ጥፋት ተደርጎ በመታየቱ ነው።

የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ጉዳዩን በዚህ በኩል ያዩታል፤ የልጅ ኢያሱን አካሄድ ለዘመናት የተገለሉትን ሙስሊሞች በአገራቸው ባይተዋር እንዳይሆኑ ለማድረግ የተሞከረ ፖሊሲ አድርገው ያቀርቡታል። አልጋ ወራሹ አብያተ ክርስቲያናትንም ሳይረዱ እንዳልቀሩ የሚያስታውሱ ጸሐፊዎች አሉ። በአንጻሩ በአስተዳደራቸው ውስጥ የነበረውን ዝርክርክነት፣ ከመዲናዋ ለወራት መራቃቸውን፣ የሸዋን መኳንንት ማስቀየማቸውን የሚክድ የለም። ደጋፊዎቻቸው ይህን ሲዘሉት ሥዕሉን ከሌላኛው ጎን ያበላሹታል።

በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈው

ክሱ የሃይማኖት ቢሆንም ዘመኑ የጦርነት ነበር። የኦቶማን መንግሥት በ1914 እ.ኤ.አ ከጀርመን ጎን ተሰልፎ የጅሃድ ጥሪ አስተላልፏል። በሰኔ 1916 እ.ኤ.አ ደግሞ ከቀይ ባሕር ማዶ ሸሪፍ ሑሴን በእንግሊዝ ድጋፍ በኦቶማኖች ላይ ተነሱ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1906 እ.ኤ.አ ስለ ኢትዮጵያ የተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል በእጃቸው ነበር፤ በዙሪያዋም ቅኝ ግዛት ነበራቸው። ልጅ ኢያሱ ከሱማሌው መሪ ከሰይድ መሐመድ ዐብደላ ሐሰን ጋር መቀራረባቸው ለለንደን የእንቅልፍ ጉዳይ አልነበረም። የሦስቱ አገሮች ሌጋሲዮኖች ከመፈንቅሉ በፊት በነበሩት ሳምንታት በጋራ ተቃውሟቸውን አሰምተዋል።

ደጃዝማች ተፈሪም በዚያው ክረምት ከአባታቸው ግዛት ከሐረር ተነስተው ወደ ከፋ እንዲዛወሩ ታዘዙ። ስለዚህ በመስከረም የተነበበው ክስ ሦስት ዓይነት ቅሬታ በአንድ ቃል የተጠቀለለበት ነው፤ የመኳንንቱ የሥልጣን ቅሬታ፣ የኃያላኑ የጦርነት ሥጋት፣ የቤተ ክህነቱ የእምነት ሥጋት። ሕዝቡን ከምኒልክ መሐላ ሊፈታ የሚችለው ግን የመጨረሻው ብቻ ነበር። መኳንንት ስለተቀየሙ መሐላ አይፈርስም፤ ሌጋሲዮን ስለተቃወመም አይፈርስም። የተማለለት ሰው ሃይማኖቱን ከለወጠ ግን ይፈርሳል።

አቡነ ማቴዎስ ማመንታታቸው የሚወሳውም ለዚህ ነው። ለምኒልክ የገቡት ቃል ነበረባቸው። በመጨረሻ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ ልጅ ኢያሱንም አወገዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም የሰገሌ ሜዳ ይናገራል። በ1906 ዓ.ም ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ሊያስመልሱ ከወሎ ተነስተው መጡ፤ ከሸዋ ሠራዊት ጋር ተዋጉ፤ ተሸነፉ፤ ተማረኩ። በሁለቱም ወገን በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ልጅ ኢያሱ ወደ አፋር ምድር ሸሽተው ለዓመታት ተንከራተቱ፤ በ1913 ዓ.ም ተይዘው ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጡና ፍቼ ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም አምልጠው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ ከዚያም በሐረርጌ ጋራ ሙለታ ታሰሩ። በኅዳር 1928 ዓ.ም የኢጣሊያ ጦር አገሪቱን በወረረበት ጊዜ መሞታቸው ተነገረ። አሟሟታቸውም እንደ እምነታቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ማን ጻፈው?

ስለ ቅሌቱ የሚናገሩ ምንጮች ብዙ ናቸው። የመዝገበ ዕውቀት አዘጋጅን የሚያስቸግረው ብዛታቸው ሳይሆን መነሻቸው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ “ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ” በሚለው መጽሐፋቸው ስለ ልጅ ኢያሱ ጥፋት በሰፊው ጽፈዋል፤ ጸሐፊው በክሱ ምክንያት አልጋ ወራሽ የሆኑት ሰው ናቸው። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮን ደብዳቤዎች በዝርዝር የበለጸጉ ናቸው፤ ላኪዎቹ ግን የልጅ ኢያሱን መውረድ የሚሹ ነበሩ። የአለቃ ገብረ እግዚአብሔር ኤልያስ ዜና መዋዕል፣ በ1994 እ.ኤ.አ ሬይዱልፍ ሞልቨር በእንግሊዝኛ ያሳተሙት፣ ለዘመኑ ቅርብ ነው፤ ሆኖም የተጻፈው አሸናፊዎቹ በሥልጣን ላይ እያሉ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ የልጅ ኢያሱ ሹምና ወዳጅ የነበሩት የሶሪያዊው ሐሲብ ይድሊቢ ታሪክ አለ። ልጃቸው ሜይ ይድሊቢ ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ በ2006 እ.ኤ.አ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። የወዳጅ ምስክርነትም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይወሰድም። ፎቶግራፎቹስ? ልጅ ኢያሱን በጥምጥም የሚያሳዩ ምስሎች ለክሱ ማስረጃ ሆነው ሲቀርቡ ኖረዋል፤ ተቀነባብረዋል የሚል ክርክርም ከእነርሱ ጋር አብሮ ይዞራል። እውነተኛ ቢሆኑ እንኳ የሚያረጋግጡት አለባበስን ነው።

የሐዲስ ሊቃውንት ቃሉን ከመመርመራቸው በፊት ተራኪዎቹን አንድ በአንድ የሚመረምሩበት ሥርዓት አላቸው። ይህን ማን ሰማ? ከማን ሰማ? በታማኝነቱና በማስታወስ ችሎታው ምን ይባላል? የፍርድ ሊቃውንትም ባላንጣ በባላንጣው ላይ የሚሰጠውን ምስክርነት አይቀበሉም። በዚህ ሚዛን ቢመዘን የ1909ኙ ክስ ገና ከበሩ ይመለስ ነበር። ታሪክ ግን ችሎት አይደለም፤ የባላንጣን ቃል አይጥለውም። ከነባለቤቱ ስም ይመዘግበዋል። የኢንሳይክሎፒዲያ ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ “ልጅ ኢያሱ ሰንደቅ ዓላማ ሰጡ” ከማለትና “ሰጡ ሲሉ ከሰሷቸው” ከማለት መካከል ያለው ርቀት አንድ ግስ ቢሆንም የአንድ ሰው ስም በዚያች ግስ ላይ ይንጠለጠላል።

የዓለም መዛግብት ልምድ

መዝገበ ዕውቀቶች ከሥልጣን ጥላ ነጻ ሆነው አያውቁም። የሶቪየት ታላቁ ኢንሳይክሎፒዲያ አምስተኛ ቅጽ የደኅንነቱን ሹም የላቭሬንቲ ቤሪያን ታሪክ ከነፎቶው በክብር ይዞ ወጥቶ ነበር። ቤሪያ በ1953 እ.ኤ.አ ተይዘው ከተገደሉ በኋላ ለደንበኞች አዲስ ገጾች ተላኩ፤ አሮጌውን ቆርጣችሁ አውጡና እነዚህን ተኩ የሚል መመሪያ አብሮ መጣ። በአዲሶቹ ገጾች ላይ ከሰፈሩት መካከል ስለ ቤሪንግ ባሕር የሚተርክ ሰፊ ጽሑፍ ነበር። አንድ ሰው በምላጭ ተቆርጦ ባሕር ተተካበት።

ከዚህ የተሻለው ምሳሌ ከፈረንሳይ ይመጣል። አይሁዳዊው ሻምበል አልፍሬድ ድሬይፈስ በ1894 እ.ኤ.አ በስለላ ተወንጅለው ተፈረደባቸው፤ ደራሲው ኤሚል ዞላ በ1898 እ.ኤ.አ በጋዜጣ ባወጡት ግልጽ ደብዳቤ ከሳሾቹን መልሰው ከሰሱ፤ በ1906 እ.ኤ.አ ሻምበሉ ነጻ ተባሉ። ዛሬ ኢንሳይክሎፒዲያዎች ርዕሱን “የድሬይፈስ ጉዳይ” ይሉታል። “የድሬይፈስ ክህደት” የሚለው የለም። ክሱ ሐሰት ሆኖ ሳለ መጣጥፉ አለ፤ ሐሰቱ ራሱ ፈረንሳይን ለሁለት የከፈለ ታሪክ ነውና። ርዕሱም ጥፋቱን ሳይሆን ክርክሩን ይሰይማል።

በዘመናችን ዊኪፒዲያ መመዘኛውን በጽሑፍ አስቀምጧል። አንድ ርዕስ የራሱን መጣጥፍ የሚያገኘው ከጉዳዩ ነጻ የሆኑ አስተማማኝ ምንጮች በሰፊው ሲጽፉበት ነው፤ የድምፅ ብዛት ሳይሆን የክርክሩ ጥንካሬ ይወስናል ይላል ደንቡ። አንድን ወገን ብቻ ለማጉላት ከዋናው መጣጥፍ የተገነጠለ ቅጂ መፍጠርም ክልክል ነው። የልጅ ኢያሱን ክስ ለብቻው ማውጣት የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ ክሱ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ካለ ለምን ሁለተኛ ቤት ይሠራለታል? ለብቻው ሲቆም አሉባልታው ከሰውዬው አይበልጥምን? ተቃውሞው ቀላል አይደለም።

ለኢትዮጵያ ከተዘጋጁት መዛግብት መካከል ይህን ጥያቄ ያልገጠመው አለ። በ1975 እ.ኤ.አ የወጣው የኢትዮጵያውያን የሕይወት ታሪክ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ቅጹን በዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ፍጻሜ፣ በ1270 እ.ኤ.አ አካባቢ ዘጋ። ልጅ ኢያሱ ዘንድ ለመድረስ ከ600 ዓመት በላይ ቀርቶት ነበር። በሃምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ግን ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ በአምስት ቅጾች ከ4 ሺህ በላይ መጣጥፎችን ይዞ ሲወጣ ዘመነ ኢያሱን ሊያልፈው አልቻለም።

በዚያው በ2014 እ.ኤ.አ ኤሎይ ፊኬና ቮልበርት ሽሚት ያሰናዱት፣ የበርካታ ምሁራን ጥናት የተሰበሰበበት መጽሐፍ ስለ ልጅ ኢያሱ ሕይወትና ዘመን ብቻ ታትሟል። ይህ ለአዘጋጁ ትልቅ ነገር ነው። ከሳሽም ተከሳሽም ያልሆኑ፣ ከክሱ ጥቅም የማያገኙ ሰዎች በሰፊው ጽፈዋል ማለት ነውና የነጻ ምንጭ መመዘኛው ተሟልቷል። ከዚህ በኋላ “አሉባልታ ስለሆነ አይገባም” ማለት ያስቸግራል። አሉባልታው መሐላ አፍርሷል፣ ዘውድ አዛውሯል፣ ሰገሌ ላይ ደም አፍስሷል። ሊመዘገብ የሚገባው ይኸው ነው፤ ልጅ ኢያሱ በልባቸው ምን ያምኑ እንደነበር ግን ማንም መዝገብ ሊደርስበት የማይችል ጉዳይ ነው።

ርዕሱ እንግዲህ “የልጅ ኢያሱ መስለም” ሊሆን አይችልም፤ “የልጅ ኢያሱ ቅሌት”ም አይሆንም። “በልጅ ኢያሱ ላይ የቀረበው የሃይማኖት ክስ፣ 1909 ዓ.ም” ቢባል ከሳሹም ተከሳሹም በየቦታቸው ይቆማሉ። የመጀመሪያው አንቀጽም ማን እንደከሰሰ፣ መቼ፣ የት፣ ተከሳሹ በሌሉበት መሆኑን ይናገራል። ስለ ቦሩ ሜዳ ሳያነሳ ማለፍ አይኖርበትም፤ ከ38 ዓመት በፊት አባትየው በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዙበትን መንገድ ያላወቀ አንባቢ የልጁ ክስ ለምን ያን ያህል እንዳስፈራ አይገባውም።

አንድ ክፍተት ይቀራል። ከላይ የተጠቀሱት ምንጮች በሙሉ የቤተ መንግሥት፣ የሌጋሲዮን ወይም የሹማምንት ናቸው። ሟቹ የታሪክ ምሁር ሑሴን አሕመድ ስለ ወሎ እስልምና ባደረጉት ጥናት በየመስጊዱና በየሸኾቹ ቤት የሚገኙ የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፎች፣ እንዲሁም የቃል ትውፊቶች ለታሪክ ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው አሳይተዋል። የ1909ኙ ክስ በደሴ፣ በሐረርና በአውሳ እንዴት ተሰማ? ሙስሊሞቹ አልጋ ወራሹን እንደ ወንድም ቆጠሯቸው ወይስ እንደ ወዳጅ ክርስቲያን ገዥ? መጣጥፉን የሚጽፈው ሰው ከሌጋሲዮኖቹ ደብዳቤ ጎን ለጎን ይህንንም ጥያቄ ይዞ መነሳት አለበት፤ ያን ትውፊት ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንት ቁጥር ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።